«አላሽህም» ላሉኝ ወጌሻ

ጀሞ አካባቢ ወጌሻ ለምትፈልጉ ሁሉ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ። መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት እግሬን ሳያሹ፣ አምስት ሳንቲም ሳይቀበሉ ነው የመለሱኝ። የምጠቁማቸውም ለዚሁ ነው።

ነገሩ የጀመረው በፋሲካ ዋዜማ ነው። በግ ገዝቼ ስመጣ ታች ማሰሪያ ቦታው ሁሉ ተይዟል። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። በረንዳ ላይ ላሳድረው ብዬ ደረጃውን ጀመርን (ጎረቤቶቼ፣ ይቅር በሉኝ)። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ በጉ አልሄድም አለ። ስጎትተው መልሶ ጎተተኝና በነጠላ ጫማ ያለው የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ከደረጃው ጠርዝ ጋር ተላተመ። አመመኝ፣ በጉን ረገምኩት፣ ተወኝ።

በማግስቱ ተፈሰከ። 55 ቀን ጾሜ ስለነበር ከዱለቱም፣ ከጥብሱም፣ ከቢራውም አልቀረሁም። ቀኑን ሙሉ ቆሜ እንግዳ ሳስተናግድ ጣቴ ትዝም አላለኝ።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እግሬ ቀሰቀሰኝ። የአውራ ጣቴ ሥር አብጦ፣ ቀልቶ፣ እንደ ፍም ያቃጥላል። አንሶላው ሲነካኝ ጮህኩ። ባለቤቴ መብራት አብርታ አየችውና «ተሰብረሃል» አለች።

ጠዋት ጎረቤት ተሰብስቦ ወለምታ ነው ብሎ ፈረደ። ብርድ ነው ያለም አልጠፋም። አንድ የሚያሽ ሰው ተጠራና ዘይት ቀብቶ ጀመረኝ። ጣቴን ሲጎትተው የጮህኩትን ያህል በጉ ራሱ ሲታረድ አልጮኸም። ከሰዓት በኋላ እብጠቱ ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ።

ማክሰኞ ወንድሜ ደግፎ እኚህ ወጌሻ ጋ ወሰደኝ። ዱካ ላይ ተቀምጠው እግሬን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። በእጃቸው ጀርባ ሙቀቱን ብቻ ለኩ። ከዚያ ጥያቄ ጀመሩ።

«መቼ መታህ?»

«ቅዳሜ ከሰዓት።»

«እሑድ ቆመህበታል?»

«ቀኑን ሙሉ።»

«ታዲያ ይሄ ሕመም መቼ መጣ?»

«ሌሊት፣ ተኝቼ።»

«ስብራት ቢሆን ተኝተህ እስክትነሳ ባልጠበቀህ ነበር፣ ልጄ። ሪህ ይመስለኛል። መገጣጠሚያው ውስጥ መግል ይዞም ሊሆን ይችላል፤ እሱ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን አይታደርበትም። እኔ አላሽህም። አሁኑኑ ሆስፒታል ሂድ።»

ተከራከርኳቸው። ሪህ የሽማግሌ በሽታ አይደለም እንዴ? እኔ ገና 46 ዓመቴ ነው። ብር አውጥቼ «ትንሽ ብቻ ይንኩልኝ» አልኩ። «ለታክሲ አድርገው» አሉኝ። ድሮ እንዲህ ያለ እግር አሽተው ሰውየው ሦስት ሳምንት እንደተኛ ነገሩኝ። ያን ቀን የተማሩትን በእኔ አልደገሙትም።

ሆስፒታል ራጅ ተነሳሁ፤ ስብራት የለም። ሐኪሟ ከመገጣጠሚያው በመርፌ ፈሳሽ ቀድታ አስመረመረች። ጀርም አልተገኘም። በማይክሮስኮፕ የታየው እንደ መርፌ የሾለ ክሪስታል ነው። ሪህ። ወጌሻው እንዳሉት።

እንዳስረዳችኝ፣ ዩሪክ አሲድ የሚባለው ነገር ደም ውስጥ ሲበዛ መገጣጠሚያ ላይ እንደ ደቃቅ ጨው ይቀመጣል። ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይወዳል፤ የእግር አውራ ጣት ለዚህ ይመቸዋል። ዓመታት ምንም ሳይሰማህ ሊከማች ይችላል። ግጭት፣ ብዙ መቆም ወይም ጠባብ ጫማ የተኛውን ሊቀሰቅሰው ይችላል። እኔ ላይ በጉም፣ ዱለቱም፣ ቢራውም ተባብረዋል። ለግፊት የምወስደው ሃይድሮክሎሮታያዛይድም አለበት፤ ለካ ዩሪክ አሲድ ይጨምራል። በሎሳርታን ቀየረችልኝ። እናንተ ግን መድኃኒታችሁን ራሳችሁ እንዳትቀይሩ።

አንድ የገረመኝ ነገር አለ። የዚያን ዕለት በደም ምርመራ የዩሪክ አሲዴ መጠን 6.2 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) ነበር። «ይኸው፣ ብዙም የለብኝም» ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ሕመሙ በተነሳበት ሰዓት ቁጥሩ ዝቅ ሊል ስለሚችል አትመነው አለችኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲደገም 9.4 ሆነ። ለሕመሙ ኮልቺሲን ሰጠችኝ፤ በኋላ ዩሪክ አሲድ የሚቀንሰውን አሎፑሪኖል ከ100 ሚሊግራም ጀምራ ቀስ እያለች ከፍ አደረገችው። የዩሪክ አሲዱ ቁጥር ከ6 በታች እስኪወርድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕመሙ ቢመለስ እንኳ እንዳላቋርጥ፣ ቆዳዬ ላይ ሽፍታ ካየሁ ግን ወዲያው አቁሜ እንድመጣ ነግራኛለች። ሽሮዬንና ምስሬን አልነካችብኝም። ቢራውን ነው የነጠቀችኝ።

እብጠቱ እንደሄደ ወጌሻው ጋ ተመለስኩ። አሁን ነው ሥራቸውን የሠሩት። ለካ ከሪሁ ሌላ ጣጣ ነበረብኝ፤ እያነከስኩ ስሄድ ግራ ጉልበቴና ወገቤ ተጎድተዋል። ደረጃ ላይ ሁለት ጊዜ ልወድቅ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። አንዴማ ጀሪካን ይዤ ነበር። «በሪህ የሚሞት ብዙ አላየሁም፣ በማነከስ ወድቆ ዳሌው የተሰበረ ግን አይቻለሁ» አሉኝ።

ከዘራ ሰጡኝ። በታመመው እግር በኩል ስይዘው ሳቁብኝ። ከዘራ የሚያዘው በደህናው እግር በኩል ነው ለካ። ደረጃ ስትወጣ ደህናው ይቅደም፣ ስትወርድ የታመመው ይቅደም አሉና በራቸው ላይ ባሉት ሦስት ደረጃዎች እንደ ሕፃን አለማመዱኝ። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እያየ። ጫማዬንም አስወልቀው ውስጡን በጣታቸው ለኩ። ሹል ነው፣ ሰርግ ላይ ብቻ አድርገው ተባልኩ። ባታዬንና ጉልበቴን አራት ቀን አሹኝ፤ ጣቴን ግን ቀስ አድርገው ከማንቀሳቀስ በቀር አልጫኑትም። የአራቱ ቀን ክፍያ ተደምሮ አንድ ኪሎ ሥጋ አይገዛም።

እንከን አላቸው ወይ ካላችሁ፣ አዎ። ክፍላቸው ጠባብ ነው፣ ወረፋው ረጅም ነው፣ ስልክ አያነሱም። እየታሻችሁ በስልክ ካወራችሁ ይቆጣሉ። ራጅ ሳትነሱ ከመጣችሁ ሊመልሷችሁ ይችላሉ፤ ይሄን እንከን አልለውም።

«ስሜን እንዳትጽፍ» ስላሉኝ ስማቸውን አልጻፍኩም። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልካለሁ። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

እሳቸው ጋ ከእኔ በፊት የምትደርሱ ካላችሁ፣ ከዘራው እኔ ጋ እንዳለ ንገሩልኝ። ቅዳሜ አመጣዋለሁ።