በሐዋሳ ያሠራሁት የኤክስሲ-99 የእንጨት ሞዴል

በፒስተን ሞተር ከሚበሩና ከየብስ ከሚነሡ ማጓጓዣ አውሮፕላኖች መካከል በግዙፍነቱ አቻ ያልተገኘለትን ኮንቬይር ኤክስሲ-99 በእንጨት እንዲሠራልኝ ያዘዝኩት ሐዋሳ ውስጥ ለሚገኝ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ሲሆን፣ ልኩን አንድ መቶኛ አድርገን ተስማማን። እውነተኛው አውሮፕላን ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 70 ሜትር፣ ርዝመቱም 55 ሜትር ተኩል ያህል ስለነበረ፣ ሞዴሉ በመደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ሳይሆን የራሱን ጠረጴዛ የሚጠይቅ ዕቃ ሆኖ ወጥቷል።

ለአካሉ የተመረጠው ዋንዛ ነው፤ ምርጫውም አሠራሩም ያስመሰግናል። ኤክስሲ-99 የቢ-36 ቦምብ ጣይን ክንፍ እንዳለ ወስዶ፣ ቀጭኑን አካል በወፍራም ባለ ሁለት ፎቅ አካል በመተካት 400 ወታደሮችን ወይም 45 ቶን ጭነት እንዲይዝ የተሠራ ነው፤ በኩንታል ሲሰላ 450 ይሆናል፣ «የ400 ኩንታል» ከምንለው ባለ ተሳቢ መኪና የሚበልጥ ጭነት ማለት ነው። ይህ ውፍረት ለዓይን የተሳሳተ ስለሚመስል ሞርዶ ለማቅጠን ይገፋፋል፤ ባለሙያው ግን በዚህ በኩል ሥዕሉን አምኖ ሆዱን እንደ ሆዱ ትቶታል።

የተቸገርኩት በሞተሮቹ ነው። ሥራው አልቋል ተብዬ ስሄድ ስድስቱም ፕሮፔለሮች በክንፉ ፊት ለፊት ተሰክተው አገኘኋቸው። ባለሙያው ሥዕሉ በስሕተት የተሣለ መስሎት ኖሮ፣ «ጋሼ፣ ፕሮፔለሩ ከኋላ የሆነ አውሮፕላን አይቼ አላውቅም፤ አስተካከልኩልዎት» አለኝ። በብዙዎቹ አውሮፕላኖች ቢሆን እርሱ ልክ በሆነ ነበር። በዚህኛው ግን እያንዳንዳቸው 28 ሲሊንደርና 3,500 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ስድስት የፕራት ኤንድ ዊትኒ ሞተሮች፣ ፕሮፔለር የሚያውከው አየር በክንፉ ላይ እንዳያልፍ ሲባል፣ አውሮፕላኑን ከኋላ ሆነው ይገፉታል እንጂ ከፊት አይጎትቱትም። ይህን ሳስረዳው ያለ ክርክር ሥራውን መልሶ ተቀበለኝ፤ ተጨማሪ ክፍያም አልጠየቀኝም። ይሁን እንጂ ከፊት ተበስተው የነበሩት ቀዳዳዎች በኮላና በሰጋቱራ ተደፍነው የብር ቀለም ቢቀቡም፣ ብርሃን በጎን ሲያርፍባቸው ስድስቱም ጠባሳዎች ይታያሉ።

ጎማዎቹ ግን ካሰብኩት በላይ ሆነውልኛል። አውሮፕላኑ እ.ኤ.አ. በ1947 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበር በእያንዳንዱ ክንፍ ሥር አንድ ብቻ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ጎማ ነበረው፤ ይህ ክብደቱን በሙሉ በአንድ ነጥብ ላይ ስለሚያሳርፍ በኋላ ባለ አራት ጎማ እግር ተተካለት። እኔ የፈለግሁት የመጀመሪያውን ነበርና ባለሙያው ከጽድ ቆርጦ፣ 2.8 ሴንቲ ሜትር የሆኑ፣ በእውነት የሚሽከረከሩ ሁለት ጎማዎች ሠርቶልኛል።

በሦስት ሳምንት ይደርሳል የተባለው ሥራ ሰባት ሳምንት ፈጅቷል፤ ከዚህም ሁለቱ ሳምንታት ብቻ በፕሮፔለሩ ምክንያት የጠፉ ናቸው። ለከፈልኩት 9,000 ብር ግን አልቆጭም፤ አንድ ብቻ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1957 በረራ ያቆመ አውሮፕላን በሱቅ ተዘጋጅቶ የሚገኝ አይደለምና። እንዲህ ያለ ሥራ የሚያዝ ሰው ከሥዕሉ ጋር ፎቶግራፍ፣ በተለይም ከኋላ የተነሣውን፣ ቀብድ በሚከፍልበት ዕለት አብሮ ቢሰጥ ይመረጣል።