የመንዝ ሱፍ ግድግዳዬ ላይ፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

«ሰው በብርድ እየተንቀጠቀጠ አንተ ግድግዳ ታለብሳለህ?» አለችኝ እማዬ። ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ለዚህ መልስ ማግኘት ይከብዳል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ዝተት ለጌጥ የሚሰቀልባት አገር አይደለችም። እኔ ግን ድምፅ በምቀዳባት ክፍሌ ውስጥ፣ ማስተጋባቱን እንዲውጡልኝ፣ ሁለት ዝተትና ስድስት ሱፍ የሞላባቸው ፓኔሎች ሰቅያለሁ።

የምቀዳው በብዛት ትረካ ነው። አንዳንዴ የሰፈር ልጆች ማሲንቆ ይዘው ይመጣሉ፤ በዐቢይ ጾም ደግሞ በገና። ክፍሌ 3 በ4 ሜትር ናት። ግድግዳው የተለሰነ ብሎኬት፣ ወለሉ ሊሾ፣ ኮርኒሱ ችፑድ፣ ከላዩ ቆርቆሮ። ባዶዋን እያለች አንዴ ሲያጨበጭቡባት ድምፁ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እየተላጋ «ዝርርር» ይላል።

ጥር ላይ እኔም እንደ ሰው ስፖንጅ ገዛሁ። ያንን ጥቁሩን፣ የእንቁላል መያዣ የሚመስለውን። ውፍረቱ 3 ሴንቲ ነው። ፎቶ ላይ በጣም ያምራል። ድምፄ ግን ባሰበት። «ስ»ና «ሽ» ደነዘዙ፣ የታችኛው ጉርምርምታ እንዳለ ቀረ። በርሜል ውስጥ ሆኜ የማወራ ነው የምመስለው። ኋላ ሳሰላው አይገርምም። የ1,000 ሄርዝ (በሰከንድ 1,000 ጊዜ የሚርገበገብ) ድምፅ አንድ ሞገዱ 34 ሴንቲ ገደማ ነው። የ100 ሄርዝ ግን 3 ሜትር ከ40 ይሆናል። ለዚህኛው 3 ሴንቲ ስፖንጅ ምኑም አይደለም። ማጣበቂያውም የሌሊቱን ብርድ አልቻለውም፤ ጠዋት ስገባ ግማሹ ወለል ላይ ተዘርግቶ ይጠብቀኛል።

የካቲት ላይ ወደ ሱፍ ዞርኩ። የመንዝ በግ ሱፍ እዚሁ ገበያ ይወጣል፤ በርኖሱም ባናውም የሚሠራው ከእሱ ነው። የበግ ሱፍ ድምፅ በመምጠጥ ስቱዲዮ ከሚገባው፣ ከቀለጠ ድንጋይ ከሚሠራው የድንጋይ ሱፍ ብዙም አይተናነስም፤ ቆዳም አያሳክክም። አናጺያችን ከሞራሌ 60 ሴንቲ በ120 የሆነ ፍሬም ሠሩልኝ፣ ጥልቀቱ 10 ሴንቲ። «ልጄ፣ ይሄ ለበግ ነው ለሰው?» ብለው ጠየቁኝ። ሱፉን ሞልቼ በአቡጀዲ ሸፈንኩት። ወጪው በሙሉ ከስፖንጁ ግማሽ አይሞላም። ከግድግዳው 8 ሴንቲ አርቄ ነው የሰቀልኳቸው፤ ከኋላ ያለው ክፍት አየር ወደ ታችኛው ድምፅ ትንሽ እንዲወርዱ ይረዳቸዋል።

ልዩነቱ በመጀመሪያው ቀን ተሰማኝ። «ዝርርር» ጠፋ። ትረካዬን በሄድፎን ስሰማው ተራኪው አጠገቤ ቁጭ ያለ ይመስላል። አቀማመጡ ላይ ግን ሁለት ወር ተሳስቻለሁ። ፓኔሎቹን ሁሉ ከማይኩ ጀርባ ደርድሬ ነበር። የእኔ ማይክ ከፊት የሚሰማ፣ ከጀርባው የሚደነቁር ዓይነት ነው። ስለዚህ የሚያየው እኔንና ከእኔ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ነው። ሦስቱን ወደ ጀርባዬ ሳዞራቸው፣ አንድም ፓኔል ሳልጨምር፣ ቀረጻው ሌላ ሆነ።

ሱፉ ያልፈታው ነገርም አለ። ድምፄን አወፍሬ ስናገር 113 ሄርዝ አካባቢ አንድ ጉብታ ነበር፤ ክፍሉ አብሮኝ ያጉረመርማል። ጥፋቱ የ3 ሜትሩ ስፋት ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ለስፋቱ እጥፍ ስታካፍሉት 57 ሄርዝ ይመጣል፣ እጥፉ ደግሞ 113። ይህ ሁለተኛው ከግድግዳዎቹ ሥር ሌላ በትክክል መሐል ላይም ይበረታል። እኔ ደግሞ ጠረጴዛዬን ለማማር ብዬ መሐል አስቀምጬው ነበር። ማይኩን ከጎኑ ግድግዳ 80 ሴንቲ አካባቢ አስጠጋሁት፤ ጉብታው ቀነሰ። ነጻ መፍትሔ ነው።

ከውጭ የሚመጣውን ጩኸት በተመለከተ እንዳትሸወዱ። ፓኔል የክፍሉን ማስተጋባት ይቀንሳል እንጂ የጎረቤት ውሻ አያስቆምም። ከአዲስ አበባ ደሴ የሚወስደው መንገድ ከተማችንን አቋርጦ ነው የሚያልፈው፤ የከባድ መኪና ማርሽ ስንት ትረካ አበላሽቶብኛል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ቆርቆሮው አለ። ሐምሌ ላይ በረዶ ሲወርድ ማይኩን አጥፍቼ ቡና ማፍላት ነው። ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት ስለሚመጣ ቀረጻዬን ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት አድርጌዋለሁ።

በዚሁ ምክንያት ማይክም ቀይሬአለሁ። የድሮው ኮንደንሰር፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ስሱ ማይክ፣ የጎረቤትን ምጣድ ሳይቀር ይሰማል። አሁን ትረካውን በሹር ኤስኤም 58 ነው የምቀዳው። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ የሚሠራ ዳይናሚክ ማይክ ነው፣ እንደ ኮንደንሰሩ በገመዱ የሚላክ 48 ቮልትም አይፈልግም። አፌን አንድ ስንዝር ያህል አቀርበዋለሁ። ከዚያ በላይ ከተጠጉት ድምፅ ያወፍራል፤ አንዳንዱ ተራኪ ይህን ይወደዋል፣ እኔን ያደክመኛል። ኮንደንሰሩን ለማሲንቆና ለበገና አስቀርቼዋለሁ።

ሴቲንጉ ላይ ብዙ አልፈላሰፍም። የቀረጻው ጥራት 48 ኪሎ ሄርዝ፣ 24 ቢት። አንድ ሰዓት ሞኖ ወደ 520 ሜጋባይት ይይዛል፣ ላፕቶፔም አይጨነቅም። ጌይኑን (የማይኩን ድምፅ ማጉያ) የማስተካክለው ከፍ ብዬ ስናገር ከዜሮ፣ ማለትም ድምፁ ከሚሰበርበት ጫፍ፣ በታች 12 ዲቢ (ዴሲቤል) ላይ እንዲቆም ነው። ቀዩ ጫፍ ድረስ መግፋት የድሮ ልማድ ነው፤ በ24 ቢት አያስፈልግም። በፈሩን (ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማሳለፉ በፊት የሚያጠራቅመውን ልክ) ስቀዳ 128፣ ስሚክስ 512 አደርገዋለሁ። ለንግግር ከ80 ሄርዝ በታች እቆርጣለሁ። በገና ሲሆን አልነካውም፤ ከታች ከቆረጡት ምን ቀረው? አንድ ነገር ግን አደራ፦ ስትቀዱ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ። የእኛ መብራት 50 ሄርዝ ነው፤ ቤቱ በቂ ኧርዝ ከሌለው ያቺ «እምምም» የምትል ድምፅ ትገባለች። እኔ ሳውንድ ካርዴ ተበላሽቷል ብዬ ልሸጠው ነበር።

አሁን ወደ ሱፉ ነውሮች። ሰኔ ላይ እርጥበቱ ሲጀምር ክፍሉ በግ በግ ሸተተ። አንዱ እንግዳ «ለበዓል ገዝታችኋል እንዴ?» አለኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቅባቱ እስኪለቅ በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግሜ አላጠብኩትም። ሁለተኛ፣ ሱፉ በአራት ወሩ ወደ ታች ተንሸራቶ የፓኔሎቹ አናት ባዶ ቀረ። ፈትቼ እንደ ፍራሽ በመርፌ ከፊት እስከ ኋላ ወጋሁት፤ ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ አላለም። ሦስተኛው ብል ነው። መስከረም ላይ አንዱን ስከፍት ተራብቶ አገኘሁት። ያንን ሱፍ ጣልኩ፣ ሌሎቹን ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው። በዓመት ሁለቴ ማስጣት የግድ ነው፤ ይህን የማይችል ሰው ባይጀምረው ይሻላል።

ዝተቶቹን አንዱን በሩ ላይ፣ አንዱን መስኮቱ ላይ ነበር የሰቀልኳቸው። ብቻቸውን ብዙ አይሠሩም፣ ስሱ ናቸው፤ ከበሩ የሚመለሰውን ቀጭን ድምፅ ግን በደንብ ይይዙታል። ባለፈው ሳምንት የኅዳር ውርጭ ጀመረና እማዬ የበሩን ዝተት ሳትጠይቀኝ አውርዳ ወሰደችው። ዛሬ ጠዋት ስቀዳ በሩ በኩል እንደገና «ዝርርር» ይላል።