ለአረጋውያን የኮሎኖስኮፒ አንጀት ማጽጃ፦ የትኛው ለማን ይስማማል?

በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች ለእናታቸው ወይም ለአባታቸው የኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ የማየት ምርመራ) ቀጠሮ ሲያዝ መጀመሪያ የሚጠይቁት የማጽጃውን መጠንና ጣዕም ነው። ያልተጠጣ ማጽጃ አያጸዳምና ጥያቄው ተገቢ ነው። ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት ላለፈ ሰው ግን ከጣዕሙ በፊት ኩላሊታቸው፣ ልባቸውና የመዋጥ አቅማቸው ሊታይ ይገባል፤ ለጎልማሳ ልጅ የማይከብደው መድኃኒት የአረጋዊን የደም ጨው ሊያዛባ ይችላልና።

በፖሊኢትሊን ግላይኮል የተሠራውና ጎላይትሊ በሚባለው ስም የሚታወቀው 4 ሊትር ፈሳሽ በጣም የቆየውና በአብዛኛው ርካሹ ነው። ከሰውነት ጨው ጋር ተመጣጥኖ ስለተዘጋጀ አብዛኛው ሳይመጠጥ በአንጀት ያልፋል፤ በሰውነት ውሃና ጨው ላይም ብዙ ለውጥ አያመጣም። ስለዚህ የኩላሊት ሕመም፣ የልብ ድካም ወይም የጉበት ሕመም ላለባቸው ሐኪሞች የሚያስቀድሙት ይህንኑ ነው። ችግሩ መጠኑ ነው፤ በየ10 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ መጠጣት ለደካማ ሰው ቀላል አይደለም፣ ማቅለሽለሽም ያመጣል። ቀዝቅዞ በስትሮ ቢጠጣ ይሻላል። ከስትሮክ በኋላ መዋጥ ለሚቸግራቸው አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ከስታርች የተሠራ የመጠጥ ማወፈሪያ ከዚህ ፈሳሽ ጋር ሲደባለቅ ውፍረቱን አጥቶ ይቀጥናል፣ በዚህም ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። መዋጥ የሚያስቸግር ከሆነ መድኃኒቱ ከመገዛቱ በፊት ለሐኪሙ ይነገር።

ሙቪፕሬፕ ከተመሳሳይ ንጥረ ነገር ጋር ቫይታሚን ሲ ስለተጨመረበት ፈሳሹ ወደ 2 ሊትር ዝቅ ብሏል፤ ከእሱ ጋር 1 ሊትር ያህል ንጹሕ ፈሳሽ ይጠጣል። ኩላሊታቸውና ልባቸው ደህና ለሆኑ፣ የሆድ ድርቀትም ለሌለባቸው አረጋውያን ይህን እመርጣለሁ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ከሚተው 4 ሊትር እስከ መጨረሻው የሚጠጣ 2 ሊትር ይበልጣል። የጂ6ፒዲ እጥረት (ቀይ የደም ሕዋሳትን የሚጠብቅ ኢንዛይም በዘር ማነስ) ያለበት ሰው ግን በቫይታሚን ሲው ምክንያት ሐኪሙን ሳያማክር ሊወስደው አይገባም።

ሱፕሬፕና ሱታብ በሰልፌት ጨዎች ይሠራሉ። ሱታብ 24 ክኒን በመሆኑ ብዙዎችን ይማርካል፤ ነገር ግን ከክኒኖቹ ጋር በጠቅላላው 2.8 ሊትር ያህል ውሃ መጠጣት ግዴታ ስለሆነ መጠጡ አልቀረም። ክሌንፒክ ትናንሽ ጠርሙሶች ያሉትና ለመጠጣት ቀላሉ ሲሆን ማግኒዚየም ስላለበት ኩላሊታቸው ክፉኛ ለደከመ ሰዎች የተከለከለ ነው፤ በአረጋውያን ላይም የደም ሶዲየምን ሊያወርድ ይችላል። የሚያሸና መድኃኒት የሚወስዱ ሁሉ በእነዚህ ሦስቱ ላይ ሐኪማቸውን አስቀድመው ይጠይቁ።

በሶዲየም ፎስፌት የተሠራውን ግን ለአረጋዊ አትግዙ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ኩላሊትን ክፉኛ ሊጎዳ እንደሚችል በ2008 ያስጠነቀቀ ሲሆን፣ ከ55 ዓመት በላይ መሆንን ራሱን ከተጋላጭነት ምክንያቶች ቆጥሮታል።

ከምርቱ ስም ይልቅ ንጽሕናውን የሚወስነው አወሳሰዱ ነው። ግማሹ በዋዜማው ማታ፣ ሌላው ግማሽ ከምርመራው ከ4 እስከ 6 ሰዓታት አስቀድሞ ተጀምሮ ቢያንስ 2 ሰዓት ሲቀረው ይጠናቀቃል። እዚህ ላይ ቤተሰብ የሚስተው ነገር አለ። ወረቀቱ ላይ «ጠዋት 4 ሰዓት» ተብሎ በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈውን እናት በአገር ቤት አቆጣጠር ካነበቡት ስድስት ሰዓት ይዘገያሉ፣ ቀጠሮውም ያልፋል። «ሌሊት 10 ሰዓት» ብላችሁ በአማርኛ ጻፉላቸው። በዚያች ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት እየተጣደፉ መውደቅ እውነተኛ አደጋ ስለሆነ መብራት ይብራ፣ መንገዱ ይጠረግ፣ አንድ ሰውም አብሯቸው ይደር።

በዋዜማው የሚበላው አሰር የሌለበት መሆን አለበት። የጤፍ እንጀራ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ቆሎና ተልባ ይቅሩ፤ በጾም ወቅት እንቁላልና እርጎ የማይነኩ ወላጆች በነጭ ሩዝ፣ በነጭ ዳቦና በተላጠ ድንች ሊቆዩ ይችላሉ። ወተት የሌለበት ሻይና ቡና ይፈቀዳል፤ ቀይ መጠጥ ግን በምርመራው ደም ሊመስል ስለሚችል ይቅር። የብረት ክኒን ከሳምንት ገደማ በፊት ይቋረጣል። የደም ማቅጠኛ፣ ኢንሱሊን፣ የስኳርና የግፊት መድኃኒቶች ግን በራስ ውሳኔ አይቆሙም፤ የእነርሱን ዝርዝር ይዛችሁ ቀጠሮው ሳምንት ሲቀረው ለክሊኒኩ ደውሉ።