ባልቲኮን፦ አንባቢዎች ራሳቸው የሚደግሱት ጉባኤ

የሳይንስ ልብ ወለድ ለሚወድና በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖር ሁሉ ባልቲኮንን ሳላመነታ እመክራለሁ። በየዓመቱ በግንቦት ወር በአሜሪካ የጦር ሰማዕታት መታሰቢያ ሰሞን በባልቲሞር ይካሄዳል። አትራፊ ድርጅት የለበትም፤ እንግዳ ተቀባዩም፣ መድረክ መሪውም፣ ወንበር ደርዳሪውም ያለ ክፍያ የሚሠራ አንባቢ ነው።

አዘጋጁ የባልቲሞር የሳይንስ ልብ ወለድ ማኅበር የተጠነሰሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963፣ ከዋሽንግተን ስብሰባ በሚመለስ አውቶቡስ የኋላ ወንበር ላይ ነው። የመጀመሪያው ባልቲኮን በ1967 ተካሄደ። ጥቂት ወጣቶች የጀመሩት ነገር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲዘልቅ ማየት እጅግ ያስደስተኛል!

ከሁሉ የምወደው የኮምፕተን ክሩክ ሽልማት ነው። ከ1983 ጀምሮ የሚሰጠው ለታዋቂ ደራሲ ሳይሆን የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ላሳተመ ጀማሪ ነው። ስሙን ያገኘው በታውሰን ኮሌጅ ያስተምር ከነበረና ስቲቨን ቶል በሚል የብዕር ስም ይጽፍ ከነበረ ሰው ነው። ለጀማሪ ክብር የሚሰጥ መድረክ በየትም አገር ብርቅ ነው፤ የእኛም ወጣት ደራሲዎች እንዲህ ያለ ይገባቸዋል።

የሥዕል ዐውደ ርእይ፣ የመጻሕፍት ገበያ፣ በገዛ እጅ የተሰፉ አልባሳት ውድድርም አለ። ማታ ማታ ታዳሚዎች ጊታር ይዘው ስለ ጠፈር የደረሷቸውን ዘፈኖች ያዜማሉ፤ ይህን እንዳያመልጣችሁ። አንዳንዱ ውይይት ግን ለአዲስ ሰው ይከብዳል፤ ቀድማችሁ መርሐ ግብሩን አንብቡ። የመኪና ማቆሚያው ውድ ስለሆነ ከዋሽንግተን በባቡር መሄድ ይሻላል።