አሮጌው መቅጃ ሲሞት የገዛሁት ሪሲቨር፦ ከወራት በኋላ

ደሴ ቤታችን የነበረውን መቅጃ፣ ማለትም ከዲሽ የሚመጣውን የቴሌቪዥን ፕሮግራም የሚያሳይና የሚቀዳ ሣጥን፣ የላከችው ጅዳ ያለችው እህቴ ናት። ውስጡ ሃርድ ዲስክ ያለው፣ ሁለት የዲሽ ኬብል የሚቀበል፣ ደህና ክብደት ያለው ዕቃ ነበር። ዓመታት አገለገለን። አንድ ምሽት ግን መብራት ሄዶ ሲመጣ ፊቱ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች እንጂ ሌላ ነገር የለም። ፒያሳ ያለ ጠጋኝ ክዳኑን ሲከፍተው ኃይል የሚሰጠው ክፍል (ፓወር ሰፕላዩ) ላይ ያሉት ካፓሲተሮች፣ ማለትም ኃይል የሚይዙት ትንንሽ ቆርቆሮ መሳዮች፣ አናታቸው አብጧል። ጤነኛ ካፓሲተር አናቱ ጠፍጣፋ ነው። እነዚህ ጎበጥ ብለዋል፤ አንደኛው እንዲያውም ቡናማ ነገር አፍስሶ ደርቆበታል። ቀየረልኝ፣ ትንሽ ሠራ፣ ከዚያ ዋናው ቦርድ ሄደ። «ወንድሜ፣ ከዚህ በላይ ብር አታውጣበት» አለኝ።

ያናደደኝ ግን ሃርድ ዲስኩ ነው። እሱ ምንም አልሆነም። ላፕቶፕ ላይ ስሰካው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፎርማት ይደረግ ወይ? እንዲህ ዓይነት መቅጃዎች ዲስኩን በራሳቸው መንገድ ነው የሚያዘጋጁት። ብዙዎቹ ቅጂውን ከዕቃው ጋር ይቆልፉታል። ሣጥኑ ሲሞት ቅጂውም አብሮ ይቀበራል። እናቴ በየረመዳኑ ያስቀዳችኝ መንዙማ በሙሉ እዚያ ውስጥ ቀርቷል።

ስለዚህ አዲስ ስፈልግ የቀዳው ነገር ሌላ ቦታ ይከፈታል ወይ የሚለውን ነው ያስቀደምኩት። የገዛሁት ትንሽዬ ሪሲቨር ነው። የውስጥ ዲስክ የለውም፤ ዩኤስቢው ላይ ፍላሽ ተሰክቶ ይቀዳል። ፋይሉ ቲኤስ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ላፕቶፕ ላይ ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ያለ ምንም ጣጣ ይጫወታል። ስሙን አልጠቅስም። ገበያ ላይ ካሉት ብዙዎቹ በተለያየ ካርቶን የሚሸጡ፣ ውስጣቸው ግን ሜኑው ሳይቀር አንድ የሆነ ዕቃዎች ናቸው። ዋጋውንም አልጽፍም፤ ይህን እስክታነቡ ተቀይሯል።

ምስሉ ጥሩ ነው፣ ድምፁም እንደዚያው። ሻጮች የሚያወሩት ስለ ቻናል ብዛት ነው፤ እሱን እርሱት።

ቤታችን ላይ ሁለት ዲሽ አለ። አንዱ ለናይልሳት ነው፣ 7 ዲግሪ ምዕራብ፤ ፊቱን ወደ ጦሳ ተራራ አዙሯል። ሌላው ለኢትዮሳት ነው፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ፤ እሱ ደግሞ አንጋጦ ሰማዩን ነው የሚያየው። አሮጌው መቅጃ ኢትዮሳትን ጨርሶ አያነብም ነበር። ፍሪኩዌንሲው 11105፣ ሆሪዞንታል፣ ሲምቦል ሬቱ (መረጃው የሚመጣበት ፍጥነት) 45000 ነው፤ የድሮ ሪሲቨሮች ብዙዎቹ እዚህ ፍጥነት ላይ አይደርሱም። የአገር ውስጥ ጣቢያዎች በ2012 ዓ.ም. ወደ ኢትዮሳት መግባት ከጀመሩ ወዲህ ለእነሱ ብቻ ሌላ ሪሲቨር ለብቻ አስቀምጠን ነበር። አሁን ሁለቱም ዲሾች በአንዲት ስዊች አንድ ሣጥን ውስጥ ይገባሉ። ከቴሌቪዥኑ ሥር አንድ ሪሞት ቀነሰ ማለት ነው፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከአሮጌው የሚያንስበት አለ። ኬብል የሚቀበለው አንድ ብቻ ነው። አንዱን እየቀዳችሁ ሌላውን ማየት የምትችሉት ሁለቱ ጣቢያዎች አንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ካሉ ነው። ደግነቱ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ብዙዎቹ ተጠጋግተው አንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ስለሚኖሩ፣ የማታውን ድራማ እየቀዳ ዜና ያሳያል። ጠብ የሚነሳው ታናሽ ወንድሜ ናይልሳት ላይ አልጀዚራን ልይ ሲል ነው። ያኔ ሪሲቨሩ «ቅጂው ይቁም?» ብሎ ይጠይቃል። እናቴ በወንድሜ ፈንታ ትመልስለታለች።

ሰዓቱን ልንገራችሁ፤ ይህ የሚጠቅማችሁ ይመስለኛል። እኛ የምናያቸው የአገር ውስጥ ጣቢያዎች የፕሮግራም ዝርዝራቸው ብዙውን ጊዜ ባዶ ነው። ስለዚህ ቅጂ ቀጠሮ የሚያዘው በሰዓት ነው። ሪሲቨሩ ደግሞ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚሄደው። የማታ 2 ሰዓት ዜና ለእሱ 20:00 ነው። እናቴ ይህን ሂሳብ አልወደደችውም፣ እኔም አልፈረድኩባት። ሰዓት ማስተካከያው ላይ ጂኤምቲ +3 የሚለውን -3 አደረግኩት። አለቀ። የጠዋት 2 ሰዓት 02:00 ይላል፣ የማታ 2 ሰዓት 14:00። ለማታ 12 መደመር ብቻ ነው። ቀኑ ራሱ የሚቀየረው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው። አሁን ቀጠሮውን የምትይዘው ራሷ ናት። በረመዳን እኛ ኢፍጧር ላይ፣ ከዚያም ተራዊህ ላይ እያለን የሚተላለፈው ሁሉ ፍላሽ ላይ ይጠብቃታል። ጎረቤቶቿ ለቡና ሲመጡ ትከፍትላቸዋለች።

አሁን ወደ መብራቱ። ቅጂ ላይ እያለ መብራት ከሄደ፣ ሲመለስ ሪሲቨሩ ራሱን ያስነሳል፣ ቅጂውን ግን አይቀጥልም። እስከተቋረጠበት ያለው ብዙውን ጊዜ ይተርፋል። አንዳንዴ ግን ፍላሹ ራሱ ይቃወስና ምንም የለም ይላል፤ ላፕቶፕ ላይ ሪፔር ማድረግ ነው። ሌላም አለ። ሰዓቱን የሚወስደው ከሳተላይቱ ነው፤ ሲነሳ ሲግናል ካልያዘ ሰዓቱን አያውቅም፣ ሰዓቱን ካላወቀ ቀጠሮውም ያልፋል።

መፍትሔው ከሪሲቨሩ ካርቶን ውስጥ አይገኝም። ይህ ሪሲቨር የሚሠራው በ12 ቮልት አዳፕተር ነው። ለዋይፋይ ራውተር የምትሸጠው ትንሽዬ ባትሪም 12 ቮልት ናት። መሃል አስገባኋት። ዲሹ ላይ ያለችው ሲግናል ተቀባይ (ኤልኤንቢ) ኃይሏን የምታገኘው በኬብሉ ከሪሲቨሩ ስለሆነ፣ መብራት ሄዶ ቴሌቪዥኑ ጨልሞ እንኳ ቅጂው ይቀጥላል። ሌሊቱን ሙሉ አትችልም፤ አንድ ፕሮግራም ግን ታስጨርሳለች። ስትገዙ አምፔሩን አስተያዩ፤ የባትሪዋ ከአዳፕተሩ ማነስ የለበትም። ስታቢላይዘር ያለው ሰው አዳፕተሩን እዚያ ላይ ይሰካ፤ አሮጌውን የገደለው መብራት ሲመለስ የመጣው ኃይል ነው ብዬ ነው የማምነው።

ስለ ፍላሽ። 64 ጊጋ የሚል ጽሑፍ ለጥፎ ውስጡ 8 ብቻ የሆነ ፍላሽ ገበያ ላይ ሞልቷል። ችግሩ ሲሞላ ዝም ብሎ ይቀበላል፤ ስትከፍቱት ነው ባዶ የሚሆነው። ከመግዛታችሁ በፊት ትልቅ ፋይል ገልብጣችሁ መልሳችሁ ክፈቱት። ፋት32 በሚባለው ዓይነት ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ደግሞ ከ4 ጊጋ የበለጠ ፋይል አይዝም፣ ስለዚህ ረጅም ፕሮግራም እየተቆራረጠ ነው የሚቀዳው። ተራ ጣቢያ በሰዓት 1 ጊጋ ገደማ ይበላል፤ ኤችዲ ከዚያ እጥፍም በላይ። ትርፍ ሃርድ ዲስክ ያላችሁም አትቸኩሉ። የሪሲቨሩ ዩኤስቢ ጉልበቱ ትንሽ ስለሆነ ዲስኩ ተክ ተክ እያለ ሳይነሳ ይቀራል። የራሱ ኃይል ያለው ከሆነ ግን ይሠራል።

ክረምቱ? ሰዉ ጉም ነው የሚለው፣ ጉሙ ግን ምንም አያደርገውም። የሚያጠፋው ዶፍ ዝናብ ነው፤ እኛ ቤት መጀመሪያ የሚሄደው ናይልሳት ነው። ከኢትዮሳት ይልቅ ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ ሲግናሉ ዝናቡን አግድም ነው የሚያቋርጠው። ኢትዮሳት ትንሽ ይቆይና እሱም ይቆራረጣል። ዝናቡ ካባራ በኋላም ካልተመለሰ የኬብሉ ጫፍ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። አድርቆ በፕላስተር መጠቅለል ነው፣ ጣሪያ ላይ መውጣት ግን ግድ ይላል።

ኮምቦልቻ ያለው የአጎቴ ልጅ ይህንኑ ዕቃ ገዝቶ በጣም ይሞቃል ይላል። እዚያ ከደሴ ዝቅ ያለና የሚሞቅ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ደግሞም ዳንቴል አልብሶታል። ደሴ ላይ ሙቀት አላስቸገረኝም።

ደካማው ነገር ሪሞቱ ነው። የቅጂዋ ቀይ ቁልፍ ጽሑፏ ቶሎ ተፋቀ፤ አሁን ጠንከር አድርጎ መጫን ይፈልጋል። ዕቃው በብዙ ስም የሚሸጥ መሆኑ እዚህ ላይ ጠቀመኝ፤ የሌላ ስም ሪሞት ሱቅ ውስጥ ሞክሬ እሺ ስላለ ትርፍ ገዝቼ አስቀመጥኩ።