ለኤጀንት የሃሽ መሣሪያ፦ የሚከፈልበት ይሻላል ወይስ ነጻው?

«አቦ፣ ለኤጀንቴ የቱን የሃሽ ሰርቪስ ልግዛ?» በዚህ ወር ብቻ አራት ጓደኞቼ ጠየቁኝ። ኤጀንት የምንለው በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የቋንቋ ሞዴል እየታገዘ ሥራ የሚሠራልን ፕሮግራም ነው። ሁለቱ እዚሁ ድሬዳዋ ከዚራ ናቸው፣ አንዱ ሳቢያን፣ አንዱ ደግሞ ከሐረር ደውሎ ነው። ለሁሉም መልሴ አንድ ነው፦ አትግዙ። ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለው ነጻ ትዕዛዝ ይበቃችኋል። ይህን ለማወቅ ስንት ብር እንዳወጣሁ ልንገራችሁ።

ሥራዬ ሰነድ ነው። በጅቡቲ በኩል ዕቃ የሚያስገቡ ነጋዴዎችና ትራንዚተሮች ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስትና ዲክላራሲዮን ያመጡልኛል። እኔ ስካን አደርጋለሁ፣ ኤጀንቱ አንብቦ ይመዘግባል። አንድ ሰነድ ሁለት ጊዜ እንዳይገባ፣ በኋላም ሰው ቢነካካው እንዲታወቅ፣ የእያንዳንዱ ፋይል ሃሽ ይያዛል። ሃሽ ከፋይሉ ይዘት በስሌት የሚወጣ አጭር መለያ ነው፤ የፋይሉ የጣት አሻራ በሉት።

መጀመሪያ ምንም መሣሪያ ሳልሰጠው ሞዴሉን ራሱን «ሻ-256 አውጣልኝ» አልኩት። ሻ-256 አንዱ የሃሽ ዓይነት ነው። 64 ፊደልና ቁጥር ደረደረልኝ። ሲያዩት እውነተኛ ይመስላል። በማግስቱ ያንኑ ፋይል ስሰጠው ሌላ 64 ደረደረ። የቋንቋ ሞዴል ቀጥሎ የሚመጣውን እየገመተ ነው የሚጽፈው፤ ይህ ስሌት ደግሞ በግምት አይገኝም። ፎርጅድ ነው። ከምርጫ ውስጥ አውጡት።

ከዚያ በወር 9 ዶላር የሚከፈልበት፣ በኢንተርኔት ሃሽ የሚያወጣ አገልግሎት ያዝኩ። ዶላር የሚከፍል ካርድ ስለሌለኝ ውጭ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ትከፍልልኝ ነበር። በብር ሲመታ ከ1,200 በላይ ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን 9 ዶላሩ ባለበት ቢቆምም ብሩ ይጨምራል። አምስት ወር ከፈልኩ። ከ6,000 ብር በላይ ማለት ነው።

የጎዳኝ ግን 9 ዶላሩ አይደለም። አገልግሎቱ የሚቀበለው የሰነዱን ይዘት በጽሑፍ ነበር። ስለዚህ ኤጀንቱ ሰነዱን በሙሉ እንደገና ይጽፍለታል፣ እኔም ለእያንዳንዱ ቶክን፣ ማለትም ሞዴሉ ጽሑፍ ለሚቆራርጥበት ለእያንዳንዱ ቁራጭ፣ እከፍላለሁ። አማርኛ ሲሆን ይብሳል፤ ብዙ ሞዴሎች አማርኛን ከእንግሊዝኛ በበለጠ ቶክን ነው የሚቆራርጡት። የሞዴሉ ሂሳብ በሁለተኛው ወር ከ11 ዶላር ወደ 34 ዶላር ወጣ። ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ገንዘቡ ወጥቶም ውጤቱ ትክክል አልነበረም። ኤጀንቱ ሲገለብጥ «ፀሐይ»ን «ጸሀይ» ብሎ ጻፈው። ለእኛ አንድ ቃል ነው። ለሃሹ ግን ሌላ ሰነድ ነው፤ አንድ ፊደል ከተለወጠ ሃሹ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ደግሞ አስቡት፣ ነጋዴ የገዛበትን ዋጋ ለወንድሙ እንኳ አይነግርም። እኔ ኢንቮይሱን በሙሉ ወደማላውቀው ሰርቨር እልክ ነበር። ይህ እስካሁን ይከነክነኛል።

ቀጥሎ ልቆጥብ ብዬ የባሰ ስህተት ሠራሁ። ማን እንደሠራው የማይታወቅ፣ ኤጀንቱን ከሃሽ መሣሪያ ጋር የሚያገናኝ ነጻ ፕሮግራም (ማገናኛ) ከኢንተርኔት ጫንኩ። ስሙ ከታወቀው ማገናኛ የሚለየው በአንድ ፊደል ብቻ ነው። ስሙ በአንድ ፊደል የተቀየረ ቻርጀር ገዝቶ ስልኩን ያቃጠለ ሰው ይገባዋል። ይህ ማገናኛ ፍጥነት ለማሳየት ሲል ሃሹን በፋይሉ ስም ያስቀምጠዋል። የኔ ስካነር ደግሞ በየቀኑ ከ«ስካን1» ነው የሚጀምረው። የዛሬው «ስካን1» ሲመጣ የትናንቱን ሃሽ ይመልሳል። 17 አዲስ ሰነዶች «ተመዝግበዋል» ተብለው ተጣሉ። በግንቦት ሙቀት፣ ያውም በድሬ፣ ሁለት ቀን ተቀምጬ አንድ በአንድ መለስኳቸው።

አሁን የምጠቀመው ሊኑክስ ላይ አብሮ የሚመጣውን «ሻ256ሰም» ነው። ዊንዶውስ ላይ «ሰርትዩቲል» አለላችሁ። ፓይተን ካላችሁ «ሃሽሊብ» ውስጡ ነው። ዋጋው ዜሮ። ኔትወርክ ቢቆራረጥም ይሠራል። ከኤጀንቱ ጋር የማገናኘውን ኮድ ራሴ ጻፍኩት፣ ሃያ መስመር አይሞላም።

ስትጽፉት ሁለት ነገር አደራ። ኤጀንቱ የፋይሉን አድራሻ (ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠበትን ቦታ) ብቻ ይስጥ፣ ይዘቱን አይንካ። የቶክን ሂሳቤ ወደ ድሮው የተመለሰው በዚህ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ሃሽ ከሃሽ ማወዳደሩን ለኮዱ ተዉለት። 64 ፊደል ለሞዴሉ ሰጥታችሁ «አንድ ናቸው ወይ?» አትበሉት፣ ይሳሳታል። ኮዱ «ይዛመዳል» ወይም «አይዛመድም» ብሎ ይመልስለት፤ አንድ ቃል ደግሞ ርካሽ ነው።

ችግር ሲገጥማችሁ መጀመሪያ ይህን እዩ። ሃሹ በ«ኢ3ቢ0ሲ442» ከጀመረ ፋይሉ ባዶ ነው። የባዶ ፋይል ሻ-256 ሁልጊዜ ይኸው ነው። እኔ ጋ ስካን እየተደረገ መብራት ሲጠፋ ይመጣል። ጽሑፍ «ኤኮ» በሚባለው ትዕዛዝ ስታስገቡ ደግሞ መጨረሻው ላይ የማይታይ አዲስ መስመር ይጨመራል። ሃሹ የማይገጥመው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

«ሌላው የሃሽ ዓይነት፣ ኤምዲ5፣ አይፈጥንም ወይ?» ትሉኛላችሁ። ሊፈጥን ይችላል፣ ግን ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች አንድ ሃሽ እንዲኖራቸው ማድረግ እንደሚቻል ታይቷል። ሻ-1ም በ2017 እ.ኤ.አ. ወደቀ፤ የጎግልና የአምስተርዳም ተመራማሪዎች አንድ ሃሽ ያላቸው ሁለት የተለያዩ ፒዲኤፎች አወጡ። ኢንቮይስ ሁሉ ፒዲኤፍ በሆነበት ሥራ ይህ ቀልድ አይደለም። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ብሌክ3 ጥሩ ነው፣ ፈጣንም ነው፣ ግን ለብቻው መጫን አለበት። ለሁለትና ሦስት ሜጋ ስካን ልዩነቱን አታዩትም። ሻ-256 ያዙ።

የሚከፈልበት የሚያሸንፍበት አንድ ቦታ አለ። ሃሹ እኔ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ከሆነ «አንተው ቀይረኸዋል» የሚል ደንበኛ ሊመጣ ይችላል። ከሁለታችሁም ውጭ የሆነ አካል ቀኑን መዝግቦ እንዲይዝ ከፈለጋችሁ ለዚያ መክፈል ያስኬዳል። እኔ እስካሁን በሌላ መንገድ ነው የያዝኩት። ለደንበኛው ከምሰጠው ደረሰኝ ጀርባ ላይ 64ቱንም አትምለታለሁ፣ እሱም ይዞ ይሄዳል። ቀለሙ ሳንቲም አይሞላም። የሐረሩ ጓደኛዬም ባለፈው ሳምንት እንዲሁ ማድረግ ጀምሯል።