ማርሚታና ፕሮግራም ከተቀየረ በኋላ፦ ቱርቦ፣ ጎማ፣ ፍሬን ወይስ ሾክ?

ስፖርት መኪናውን ማሻሻል የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚነካው ነገር ይታወቃል። አየር ማስገቢያው፣ ማርሚታው፣ ከዚያ የሞተሩ ኮምፒውተር ፕሮግራም። እስከዚህ ድረስ ምርጫው ቀላል ነው። ግራ የሚያጋባው ቀጣዩ ነው። ወጪው ከፍ ይላል፤ ስህተቱም ይከብዳል። ስለዚህ ገዢዎች በብዛት የሚያመነቱባቸውን ዕቃዎች ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው።

ቱርቦ ወይስ ጎማ?

ክርክሩ የሚጦፈው እዚህ ላይ ነው። ቱርቦ አየርን ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ ነው። ለውጡ ወዲያው ይሰማል፤ ነዳጅ ስትሰጡ ወንበሩ ጀርባችሁን ይገፋል። ግን ቱርቦ ብቻውን አይመጣም። የሚገባው አየር ሲበዛ ነዳጁም መብዛት አለበት፤ ነዳጁን የሚረጨው ኢንጀክተርና የነዳጅ ፓምፕ ይከተላሉ። ጉልበቱ ሲጨምር የፋብሪካው ፍሪሲዮን ላይችለው ይችላል። ሙቀቱ ሲጨምር ደግሞ ማቀዝቀዣው ይፈተናል። ፕሮግራሙም እንደገና ይሠራል። የቱርቦውን ስብስብ (ኪት) ዋጋ ብቻ አይቶ በጀት የያዘ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

ሞተርም ከሞተር ይለያል። በ1993 የወጣው የቶዮታ ሱፕራ ባለ ቱርቦ ሞተር የመጭመቅ ሬሾው (ፒስተኑ የሲሊንደሩን አየር ስንት እጥፍ እንደሚጨምቅ) 8.5 ለ 1 ነው። ከፋብሪካው ለቱርቦ ስለተሠራ ተጨማሪ ግፊት ሲመጣበት ቦታ አለው። በ2012 የመጣው ቶዮታ ጂቲ86 ግን ቱርቦ የለውም፤ ሬሾውም 12.5 ለ 1 ነው። እንዲህ ባለ ሞተር ላይ ግፊት ሲጨመር ነዳጁ ያለ ጊዜው የመቀጣጠል ዕድሉ ይሰፋል። ይህ ደግሞ ፒስተን ይሰብራል። ኦክቴኑ ከፍ ያለ (ያለ ጊዜው መቀጣጠልን የሚቋቋም) ቤንዚንና ጠንቃቃ የፕሮግራም ባለሙያ ከሌለ ባይነካ ይሻላል።

ጎማስ? ያው ጂቲ86 ባለ 17 ኢንች ቸርኬው ላይ ይዞት የመጣው ጎማ ስፋቱ 215 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ለጸጥታና ለምቾት የታሰበ ጎማ ነበር። ጎማው ብቻ ሲቀየር መኪናው ሌላ መኪና ይመስላል። መፍጠኑም፣ መታጠፉም፣ መቆሙም የሚያልፈው መንገዱን በሚነኩት አራት የመዳፍ ያህል ቦታዎች ነው። ሌላ ሦስቱንም አንድ ላይ የሚያሻሽል ዕቃ አላውቅም።

ሲገዙ የጎማው ጎን ላይ ያለውን ትሬድዌር (የጎማ ዕድሜ መለኪያ) የሚል ቁጥር እዩ። 200 አካባቢ የሆነው ጥሩ ይይዛል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። 400 እና ከዚያ በላይ የሆነው ዕድሜው ረጅም ነው። ቁጥሩን የሚሰጠው አምራቹ ራሱ ስለሆነ የሁለት ድርጅት ጎማዎችን በእሱ ብቻ አታወዳድሩ። የበጋ ጎማ ደግሞ ከ7 ዲግሪ በታች ይደርቃል፤ ብርድ ያለበት ቦታ ለሚነዳ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለእኔ ጎማው ያሸንፋል፣ በሰፊው።

ትልቅ ፍሬን ወይስ ሸራና ዘይት?

ፍጥነት ከ100 ወደ 140 ሲወጣ ፍሬኑ የሚሸከመው ኃይል እጥፍ ገደማ ይሆናል። ያ ሁሉ ወደ ሙቀት ይቀየራል። ሰው ፍሬኑ ሲደክምበት ቶሎ ወደ ትልቅ ዲስክና ባለ ስድስት ፒስተን ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ይሮጣል። መጀመሪያ ግን እግራችሁ የሚነግራችሁን ስሙ። ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ታች ከሰመጠ የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልቆም ካለ የጋለው ሸራው ነው። ሁለቱም ትልቅ ኪት ሳይገዛ ሊስተካከሉ ይችላሉ።

የፍሬን ዘይት ደረጃ ዶት በሚል ቁጥር ይጻፋል። አዲስ የዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ፣ ዶት 4 እስከ 230፣ ዶት 5.1 እስከ 260 ሳይፈላ እንዲቆይ መስፈርቱ ያዛል። ዘይቱ ግን ከአየር እርጥበት ይጠጣል። እርጥበት የጠጣ ዶት 4 ዝቅተኛው መስፈርት 155 ነው። ስለዚህ ያረጀ ውድ ዘይት ከአዲስ ርካሽ ዘይት ሊያንስ ይችላል። ዶት 5 ግን ሲሊኮን ነው፤ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም።

ትልቁ ኪት ዋጋ የሚያወጣው ሸራና ዘይት ተቀይሮም በውድድር መንገድ ላይ በተከታታይ ዙሮች ፍሬኑ ለሚደክምበት ሰው ነው። ቸርኬው ይበቃው እንደሆነም ቀድሞ ይለካ። የውድድር ሸራ ደግሞ ለየቀኑ መንገድ አይሆንም፤ ሲቀዘቅዝ አይነክስም፣ ይጮኻልም።

ሞላ ብቻ ወይስ ኮይልኦቨር?

እዚህ ላይ አላወላውልም። መኪናውን ወደ መሬት ዝቅ የሚያደርግ ሞላ በአሮጌ ሾክ ላይ ማድረግ ለመልክ ካልሆነ አይመከርም፤ ሾኩ የሞላውን ጥንካሬ መቆጣጠር ያቅተዋል። በጀት ካለ ኮይልኦቨር (ሞላና ሾክ አንድ ላይ የተገጠመበት፣ ከፍታው የሚስተካከል)፣ ከሌለ ሞላና ሾክ ተጣጥመው የተሸጡበት ስብስብ። ከዚያ በፊት ግን አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫና ዘንበል ማስተካከያ) ይሠራ። እጃችሁን በፊት ጎማ ላይ አሳልፉ፤ የውጩ ጠርዝ ብቻ ተበልቶ ከሆነ ካምበሩ (የጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዘንበል) ይስተካከል። ከሁሉም ርካሹ ማሻሻያ ይህ ነው።

ኢንተርኩለር ወይስ የዘይት ማቀዝቀዣ?

ባለ ቱርቦ መኪና የመጀመሪያው ሩጫ ላይ በርትቶ ሦስተኛው ሩጫ ላይ ከደከመ ኢንተርኩለሩ (ከቱርቦው የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ጠቧል ማለት ሊሆን ይችላል። አየሩ ሲግል ኮምፒውተሩ ሞተሩን ለማዳን ጉልበት ይቀንሳል። ቱርቦ የሌለው መኪና የውድድር መንገድ ላይ ሲቆይ ግን የሚሰቃየው የሞተር ዘይቱ ነው። የዘይት ማቀዝቀዣ ሲገዛ ቴርሞስታት (ዘይቱ እስኪሞቅ ወደ ማቀዝቀዣው የማያሳልፍ) ያለው ይሁን፤ አለበለዚያ በብርድ ዘይቱ ሙቀቱ ላይ ሳይደርስ ይነዳል።

በቀጥታ መንገድ ለሚወዳደር

ከላይ ያለው ቅደም ተከተል ኩርባ ለሚወድ ነው። ቀጥታ ብቻ ለሚሮጥ ሰው ይለያል። ጎማው አሁንም አንደኛ ነው፤ ከዚያ ግን ሾኩን አልፎ ወደ ፍሪሲዮን ይሄዳል። በአራተኛ ማርሽ፣ በዝቅተኛ ዙር፣ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ስጡ። የሞተሩ ዙር ዘሎ ፍጥነቱ ካልተከተለ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው፤ ሳይቀየር ቱርቦ አይታሰብ። ሲነሱ አንዱ ጎማ ብቻ ከዞረ ደግሞ ባለ መቆለፊያ ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለሁለቱም ጎማ የሚያደርስ) ይቀድማል። ቱርቦው የሚመጣው ከእነዚህ ቀጥሎ ነው፤ ለነዳጅ ፓምፑና ለፕሮግራሙ የተያዘው ገንዘብ አብሮ ካለ።